ሐረር የገባው ባቡር

ሐረር ባቡር የላትም። ድሮ ሃዲዱ ወደ እኛ ሊመጣ ታስቦ ተራራው አላሳልፍ ብሎት ሜዳው ላይ ቀረ ይላሉ፤ ድሬዳዋ በዚያ ሰበብ ከተማ ሆነች፣ እኛም ባቡር ስንፈልግ ቁልቁል መውረድ ለመድን። እኔ ግን እዚሁ ሐረር አሥራ አራት ባቡር አለኝ። አቦከር ባለው ቤቴ፣ ልጄ አግብታ ስትወጣ ባዶ በቀረው ክፍል፣ ሁለት አሮጌ በር ገጥሜ በሠራሁት ጠረጴዛ ላይ ሃዲድ ዘርግቼ የድሮ የመጫወቻ ባቡሮችን እነዳለሁ። መሳቅ ትችላላችሁ። ሰፈሩም ሲስቅ ኖሮ ደክሞት ትቶታል። ስሜ መስፍን ነው፤ ነገር ግን «ጋሽ ባቡር» ካላላችሁ ቤቴን የሚያሳያችሁ ሰው አታገኙም።

ሥራዬ የስፌት መኪና መጠገን ነው። በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ሲወረድ፣ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ መኪናቸውን ደርድረው የሚያንኳኩበት መኪና ግርግር የሚባል ጠባብ መንገድ አለ፤ እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። የሙያችንን ሰው ታውቁታላችሁ። «ነገ ይደርሳል» ይላል፣ አይደርስም። «እንደ አዲስ አድርጌዋለሁ» ይላል፣ አላደረገም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ክፋት የለኝም፤ ሰው ፊቱን ሲያጠቁርብኝ ማየት አልወድም፣ በቃ። ሰውን ደስ አሰኝቶ የሚያሰናብት ውሸት ማንን ይጎዳል እል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትገረሙብኝ ነው።

ባቡሮቹን የሰበሰብኩት አብዛኛውን ከድሬ ነው። ምድር ባቡር ይሠሩ በነበሩ ሽማግሌዎች ቤት፣ ፈረንጆቹ አለቆች ሲሄዱ ትተውላቸው የሄዱት የልጅ መጫወቻ አይጠፋም። ከቆርቆሮ የተሠሩ፣ በቁልፍ የሚሞሉ፣ እንደ ድሮ ሰዓት ሆዳቸው ውስጥ ሞላ ያላቸው ናቸው። የዕቃ ፉርጎ አልገዛም። ሰው የሚጭን ብቻ፣ መስኮቱ ላይ መንገደኛ የተሣለበት። ጠረጴዛዬ ላይ ከጀሶ ተራራ፣ ከካርቶን የጀጎልን ግንብ ከነአምስት በሩ ሠርቻለሁ። ከሸዋ በር ፊት ለፊት ደግሞ በዓለም ላይ የሌለ ነገር፣ የባቡር ጣቢያ አቁሜ ግንባሩ ላይ «ሐረር» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌበታለሁ። ባለቤቴ ሮማን «መንግሥት ያቃተውን አንተ ቻልከው» ትለኛለች።

ነገሩ የሆነው ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። በዚያ ሰሞን ጀጎል ውስጥ ቤቱ ሁሉ ይታጠባል፣ ግድግዳው በኖራ ይነጣል፣ ዕቃው ከየማስቀመጫው ይወርዳል፤ የማይፈለገው ደግሞ በቆራሌ ጆንያ ይወጣል። እኔም እንዳቅሜ የማድነው በዚያ ሰሞን ነው። ሐሙስ ዕለት ዚያድ የሚባል ቆራሌ፣ ጺሙን ሂና የሚቀባ ጎልማሳ፣ ሱቄ መጥቶ ጆንያውን ፈታና «ጋሽ ባቡር፣ ርዝቅህ፣ ሲሳይህ መጣልህ» አለኝ።

አረንጓዴ ባቡር ነው፣ ከሁለት ቀይ የመንገደኛ ፉርጎ ጋር። አንስቼ ሳገላብጠው ዝገት የሚባል የለውም። ስንት ዘመን የኖረ ቆርቆሮ አቧራ እንኳ የለበትም፤ ሰው በጨርቅ ሲወለውለው እንደኖረ ያስታውቃል። ያን ጊዜ «እንዲህ የሚወለውል ሰው እንዴት ለቆራሌ ይሰጣል» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ሊቀርብኝ ነዋ። የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ሰጥቼ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ስመረምረው ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው መስኮቶቹ ላይ ነው። ፋብሪካው በየመስኮቱ ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶችና ጸጉራቸውን የጠቀለሉ ሴቶች ሥሎበታል፤ የኋለኛው ፉርጎ የመጨረሻ መስኮት ግን ባዶ ተትቶ ኖሮ፣ አንድ ሰው በጥቁር ቀለም የራሱን ሰው ሥሎበታል። ኮፊያ ያደረገ፣ ጺም ገና ያላወጣ ወጣት። ፊቱ ወደ ውጭ ያያል።

ሁለተኛው ቁልፉ ነው። ከጎኑ የተተከለ ባለሁለት ክንፍ ቁልፍ አለው፤ ላዞረው ስል አልዞር አለ። መጀመሪያ የተጣበቀ መሰለኝ። በኋላ ሲገባኝ ሞላው ጢም ብሎ ተሞልቷል። አሮጌ መጫወቻ ስታገኙ ሞላው ሁልጊዜ የላላ ነው፤ ልጅ ሞላው እስኪያልቅ ተጫውቶበት ነው የሚተወው። ይሄኛው ግን ተሞልቶ፣ የፍሬኑ ዘንግ ተይዞ ቆሟል። አንድ ሰው ሞልቶት ሊለቀው ሲል ተጠርቶ የሄደ ይመስላል።

በእኛ ሙያ የተሞላ ሞላ ይዘው አይሠሩም። ተፈትልኮ ጣት ይቆርጣል። መጀመሪያ ይለቀቃል፣ ከዚያ ይፈታል። ያደረግሁትም ይህንኑ ነው፤ ለማንም ባለሙያ ብትነግሩት ትክክል ነው ይላችኋል። ሁለት ጠብታ የመኪና ዘይት አደረግሁበትና ሃዲዴ ላይ አስቀመጥኩት። ልኩ ሆነ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ዘንጉን በጥፍሬ ነካሁት።

ያን ሁሉ ዘመን የታሰረ ሞላ ቢበዛ ተንቀጥቅጦ ይቆማል ብዬ ነበር። ሄደ። ቀስ ብሎ፣ ሳይወላገድ፣ ተራራውን ዞረ። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ። ሮማን እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ባቡር ስነዳ መጥታ አታውቅም።

«ይሄኛው ድምፁ ለምን ሌላ ሆነ?» አለች።

«አሮጌ ስለሆነ ነው።»

«እሱስ ሁሉም አሮጌ ነው። ይሄ ባዶ አይመስልም።»

ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ ቀስ አለ። ከሸዋ በር ፊት ለፊት ሲደርስ እያዘገመ፣ እያዘገመ፣ ጣቢያው ጋ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመጨረሻው መስኮት፣ ኮፊያ ያደረገው ልጅ፣ «ሐረር» ከሚለው ጽሕፈት ሥር ልክ በጣቢያው በር ትይዩ ሆኗል። ለሮማን «አየሽ፣ ጥሩ መካኒክ ማለት ይሄ ነው» አልኳት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ያ ክፍል አስጠላኝ፣ አልገባሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ዚያድ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ያ ባቡር አለ?»

«አለ። ምነው?»

«የባቡሩ ባለቤት እየፈለገችው ነው። እማማ ዘሃራ የምትባል ናት፣ ጀጎል ውስጥ። አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ሙና ናት ኖራ ልትቀባ ስታወርድ ሳታውቅ የሰጠችኝ። አሮጊቷ ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የሞላው የወንድሟ እጅ ነው ትላለች። ሲሄድ ሞልቶት ነው የሄደው፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ሌላ አትጠይቅም፤ 'ሮጧል ወይ' ብቻ ነው የምትለው። አሁን ወደ አንተ እየመጡ ነው።»

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ነገሩ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። ያ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የተወው የመጨረሻ ጉልበት እዚያ ሞላ ውስጥ ነበር። የጣቱ ኃይል ነው ተጠቅልሎ የተቀመጠው። እሷ ስትጠብቀው ኖረች፣ እኔ በአንድ ጥፍር ለቀቅሁት። ሦስት ዙር ሮጦ አለቀ።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ክፍሉ ገባሁና ባቡሩን አንስቼ ሞላሁት። ቁልፉ አልዞር እስኪል ሞላሁትና ዘንጉን ያዝኩት። ልክ እንደመጣው ሆነ። ልክ እንደመጣው የሆነ መሰለኝ።

እማማ ዘሃራ ስልሳን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከዘራ የያዙ ሴት ናቸው። ሙና ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ወንበር ሰጠኋቸው። ባቡሩን አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ወደ እኔ አላዩም። መዳፋቸውን ከፉርጎው ወደ ባቡሩ፣ ከባቡሩ ወደ ቁልፉ አሻገሩና እዚያ ላይ ጥቂት ቆዩ።

«ሮጧል ልጄ?» አሉኝ።

«አልሮጠም እማማ። እንደመጣ ነው።»

ሮማን ከኋላዬ ቆማለች። ሲሮጥ አይታለች።

«አላህ ይስጥህ» አሉ እማማ ዘሃራ። «አላህ ልጆችህን ካሰብክበት ያድርስልህ።» ምርቃቱ እንደ ጋለ ካውያ አቃጠለኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ባቡሩን አባታቸው ከጅቡቲ ነው ያመጣላቸው፣ ነጋዴ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው አብዱረህማን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶትም ጨዋታውን አልተወም። «እንዳንተ» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ወጣት ወጥቶ በማይመለስበት በዚያ ክፉ ዘመን አንድ ቀን ጠዋት ዘመድ ሊቀበል ወደ ድሬ ሲወጣ ባቡሩን ሞላና ለታናሽ እህቱ «ማታ ስመለስ አብረን እንለቀዋለን፤ እስከዚያ እንዳትነኪው» አላት። ያ ማታ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ሬሳም አልተገኘም፣ ያየሁ የሚልም የለም።

«ቤተሰቡ ሁሉ ተዕዚያ ተቀምጦለታል፣ ለቅሶውን ጨርሷል» አለች ሙና። «እሷ ብቻ ናት ያልተቀመጠችው።»

«ሞላው አልለቀቀማ» አሉ እማማ ዘሃራ።

ሊወጡ ሲሉ በክፍሉ በር በኩል ጠረጴዛዬን አዩና ቆሙ። «ያ ምንድን ነው?» አሉ ጣቢያውን በከዘራቸው እያመለከቱ።

«ባቡር ጣቢያ ነው። የሐረር።»

«ሐረር ጣቢያ የላትም።»

«የላትም እማማ። እኔ ነኝ የሠራሁላት።»

ብዙ ቆይተው አዩት። ከዚያ ባቡሩን በሻሻቸው ጠቅልለው ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ ሮማን «አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው ያደረግኸው?» አለችኝ።

«ደስ ብሏቸው ሄዱ አይደል? ምን እንድል ነበር? ወንድምሽን ጨረስኩት ልበላቸው?»

«የአንተን እጅ ይዛ ሄደች እኮ» አለች። «እስክትሞት የአንተን እጅ ስትወለውል ልትኖር ነው።»

ሱቅ ሄድኩ፤ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን ሊወስድ መጥቶ «ደረሰ?» ሲለኝ «ነገ» ለማለት አፌን ከፍቼ ቃሉ እምቢ አለኝ። «ገና አልነካሁትም» አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ። ሌሊቱንም የዚያ ልጅ ፊት ከዓይኔ አልጠፋም። በመስኮት ያያል፤ ሐረር ደርሷል፣ የሚያወርደው ሰው የለም። እሑድ ጠዋት ሮማንን «ልሄድ ነው» አልኳት። የት አላለችኝም።

ጀጎል ውስጥ ዚያድ ከነገረኝ መተላለፊያ ስደርስ የእማማ ዘሃራን ቤት የሚያሳየኝ ሰው እንኳ አላስፈለገኝም፤ ወለል ብሎ የተከፈተው በር አንድ ብቻ ነበር። ግድግዳው ገና አልደረቀም፣ የኖራ ሽታ አለው። ባቡሩ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦረው ማስቀመጫ ላይ ተመልሷል። እማማ ዘሃራ በቀይ አፈር በተለሰነው መደብ፣ እነሱ ነደባ በሚሉት፣ ተቀምጠዋል። ሙና ምንጣፍ ታነጥፋለች። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ተቀመጥ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም።

«እማማ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ባቡሩ ሮጧል። ሐሙስ ዕለት ሳላውቅ ለቀቅሁት። አሁን ያለበት የወንድምዎ እጅ አይደለም፤ የእኔ ነው።»

ሙና ምንጣፉ ከእጇ ወደቀባት። እማማ ዘሃራ ግን አልደነገጡም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ከዚያ ቁልፍ አንዱ ክንፍ ወደ በሩ ነበር የሚያየው። እሱ የተወው እንደዚያ ነው። በየጁምዓው ስወለውለው ኖሬ ክንፉ ወዴት እንደሚያይ የማላውቅ ይመስልሃል? አሁን የሚያየው ወደ ግድግዳው ነው። ትናንት መዳፌን እንዳሳረፍኩ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ሚስትህ ፊት ላዋርድህ? ደግሞ ትመጣ እንደሆን ልይ አልኩ። በሩን ከትናንት ጀምሮ ያልዘጋሁት ለዚያ ነው።»

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «ይቅርታውን ተወው። እንዴት እንደሮጠ ንገረኝ። አንድም ሳታስቀር፣ አንድም ሳትጨምር።»

ነገርኳቸው። የነበረውን ብርሃን፣ ሳይወላገድ ተራራውን መዞሩን፣ ሮማን ባዶ አይመስልም ማለቷን፣ ሦስቱን ዙር። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ ቀን ምንም ሳልጨምር ያወራሁበት ጊዜ የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«የት ቆመ?»

«ጣቢያው ጋ እማማ። ሐረር ብዬ የጻፍኩበት ጋ። በመጨረሻው መስኮት ያለው ልጅ ልክ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።»

«ያ ልጅ እሱ ነው። ራሱን ነው የሣለው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቀጠሉ። «ያን ቀን ጠዋት 'ማታ ሐረር በባቡር ነው የምገባው፣ ጠብቂኝ' አለኝ፤ ሊያበሽቀኝ ነው። 'ሐረር ባቡር የለም፣ ውሸታም' አልኩት። የመጨረሻ ያልኩት ቃል ይህ ነው።»

ሙና ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። እማማ ዘሃራ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉና ቀስ ብለው «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ ሞት ሲሰማ የሚባል ነው። ሙና መሬት ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። «አለችው» ትላለች፣ «ያ ረቢ፣ ዛሬ አለችው።» እኔም አለቀስኩ፣ ምን አሳፈረኝ።

ለቅሶው በረድ ሲል እማማ ዘሃራ ወደ ባቡሩ አመለከቱኝ። «በል አሁን ያንተን ከውስጡ አውጣልኝ። ውሸት ከቤቴ አያድርም።»

አወረድኩት። ሃዲድ የለም፤ ወለሉ ላይ አስቀምጬ ዘንጉን ነካሁት። በሐሙሱ ድምፅ አልሄደም፣ ያው እንደ ሌሎቹ ባቡሮቼ ተንኳኳ። ሁለት ክንድ ያህል ተንከባለለና ነደባው ጥግ ጋ ተጋጭቶ ቀረ፤ ሞላው እስኪያልቅ ጎማው ባዶውን ሲዞር ሦስታችንም ቆመን አየነው። ሲያልቅ እማማ ዘሃራ አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«ከእንግዲህ አቧራ ቢይዘውም ግድ የለኝም» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ቀን ተዕዚያ ተቀመጡ። እኔና ሮማንም ሄደን ተቀመጥን። ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ሲጠይቅ «ወንድሜ፣ ሐሙስ ገባ» ይላሉ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ «ነገ ይደርሳል» ማለት ትቻለሁ። ደንበኛ ቀንሶብኛል፤ ልብስ ሰፊዎቹ አመለኛ ሆነ ይሉኛል። እጄ የገባ አሮጌ ዕቃም ሁሉ ዊንታውን ከመንካቴ በፊት ባለቤቱን «መጨረሻ የነካው ማን ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይገረማሉ፤ ግን ብዙዎቹ ያስቡና ስም ይነግሩኛል። እናንተም ቤት የሚነጣ ጊዜ ሲመጣ ከማውረዳችሁ በፊት ጠይቁ። ሳትጠይቁ የነካችሁት ካለ ደግሞ ሄዳችሁ ተናገሩ። በሩ ተከፍቶ እየጠበቃችሁ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ጠብቆኛል።

አንድ ነገር ብቻ እስካሁን አልለቀቀኝም። አሥራ አራቱንም ባቡሮቼን እየሞላሁ፣ እየቆጠርኩ፣ ዘይት እየጨመርኩና እየቀነስኩ፣ ያ ጣቢያ ጋ ራሱ እንዲቆም ሞክሬአለሁ። ሮማን በሩ ላይ ቆማ ታያለች። አንዱ ተራራው ጋ ይቆማል፣ አንዱ ከግንቡ ጀርባ። ሐረር ላይ አንዱም ቆሞ አያውቅም።